በስንጥቁ ውስጥ የነበረው አረንጓዴ ቀለም

በተሸኘሁበት ቀን ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ የግድግዳ ሰዓትም ሰጡኝ። ሁለቱንም በአክብሮት ተቀበልኩ። ከጋራዡ ራሴ ይዤው የወጣሁት ግን ስንዝር የማይሞላ የብረት ቁራጭ ነው። ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሻንሲ፣ ማለትም መኪናውን እንዳለ ከሥር ከሚሸከሙት ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከአንደኛው የተወሰደ ነው። አንዱ ጫፍ በመጋዝ የተቆረጠ ስለሆነ ያበራል። ሌላው ጫፍ የተሰበረ ነው፤ በስብራቱ ገጽ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ቀለም አለች። ይህችን ቀለም ለብዙ ዓመታት ከእኔና ዛሬ በሕይወት ከሌሉ አንድ ሰው በቀር የሚያውቃት አልነበረም።

ከዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና እንደተመረቅሁ የተመደብኩት አቦምሳ አጠገብ በሚገኝ የእርሻ ድርጅት ወርክሾፕ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የትራክተር ነጂ በር ላይ አገኘኝና «እህቴ፣ ክሊኒኩ በወዲያ በኩል ነው» አለኝ። ቱታ ለብሼ ነበር። «የታመመው የእርስዎ ትራክተር ነው» ብዬው አለፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን እዚያ እስከቆየሁ ድረስ «ሲስተር» እንደተባልኩ ቀረሁ። ቀጥሎ ዱከም፣ ተሳቢ በሚሠራ ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ገባሁ፤ ከአዳማ በሚኒባስ እየተመላለስኩ አራት ዓመት ሠራሁ። ደመወዙ ይሻል ነበር። አለቃዬ ግን የነደፍኩት ነገር ሲሠራ ወርጄ እንዳይ አይፈቅድልኝም ነበርና ለቀቅሁ። ቀሪው ዘመኔ ያለፈው አዳማ፣ ከባድ መኪኖችን በሚጠግንና በሚለውጥ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ጋሽ ደምሴን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የብየዳና የሻንሲ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ሙያውን ገና በወጣትነታቸው ከጣሊያን መካኒኮች ሥር ሆነው ለምደውታል። ከደረት ኪሳቸው ጠመኔ አይለይም። ሻንሲ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ «ቅባት ያለበት እጅ ውሸታም ነው» ይሉ ነበር። መጀመሪያ የሠራሁትን ስሌት ይዤ ስቀርባቸው ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ሲመዝኑት ቆዩና፣ «ሰብለ፣ ይሄ ወረቀትሽ ስንት ኩንታል ይሸከማል?» አሉኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ወረቀቱን ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ አንድ ስህተትም አገኙበት።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። የመጀመሪያው የጠመኔው ፍተሻ ነው። የተበየደ ወይም የተቀጠለ ሻንሲ ሁሉ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ በጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል፤ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ይለብሳል። ከጠዋት እስከ ቀትር ማንም አይነካውም። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ፣ ወደ ውስጡ የሰረገው ጋዝ ቀስ እያለ ተመልሶ ይወጣና በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። መስመር ከሌለ ጋሽ ደምሴ «ነጭ ነው» ይላሉ። ሌላ የሙገሳ ቃል ሲወጣቸው ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ልማዳቸው ደግሞ ይህ ነበር፦ መኪናው ይሠራል ብሎ የፈረመ ሰው መጀመሪያ ጭነት በሚጭንበት ጉዞ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል፤ መንገድ ላይ ያስቆምና ከሥር ገብቶ እንደገና ያያል። «የሠራው ሰው ያልተሳፈረበትን መኪና ሌላው ለምን ይሳፈርበታል?» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ጀማል የሁሩታ ሰው ነው፤ አንድ መኪና ያለው፣ ራሱ የሚነዳ። መኪናው በአገራችን አሽከርካሪዎች ዘንድ «ኤንትሬ» የሚባለው አሮጌ የጣሊያን ከባድ መኪና ነበር። ከአቦምሳ ሽንኩርት ለማመላለስ የጭነት ሳጥኑን ማርዘም ፈለገና ሻንሲውን እንድንቀጥልለት አመጣው። ስሌቱን እኔ ሠራሁ፤ ብየዳውም በጥንቃቄ ተሠራ። ጋሽ ደምሴ ግን በዚያ ሳምንት ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ነበር።

እኛ ዘንድ መኪና ከጋራዥ ሲወጣ በግ ይታረዳል። ጀማል ሙስሊም ነው፤ ከሠራተኛው የሚበዛው ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ሁለት በግ ገዛ፤ አንዱን ለራሱ ወገን፣ ሌላውን በእኛ ሰው እጅ እንዲታረድ። ሰኞ የዓቢይ ጾም ይገባል። ድግሱ ከእሑድ ካለፈ የጋራዡ ሰው እስከ ፋሲካ ሥጋ አይቀምስለትም። «የሠራልኝ ሰው ጾሙን እያደረ እኔ ብቻዬን ልበላ ነው? ወላሂ አይሆንም» አለ። ለእኛ ብሎ ቸኮለ፤ እኛም ለእሱ ብለን ቸኮልን። ቅዳሜ ጠዋት ጠመኔ መልበስ የነበረበት ሻንሲ፣ ለእሑድ እንዲደርቅ ሲባል ቅዳሜ ጠዋት አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። ቀለሙን የመረጠው ጀማል ነበር። ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ «ኢንጂነር፣ ልቀጥል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «ቀጥል» አልኩት። እሑድ ተበላ፣ ተመረቀ፤ እኔም ፈረምኩ። በመጀመሪያው የጭነት ጉዞ አብሬው እንድሄድ ጀማል ሲጠይቀኝ፣ የማጠናቅቀው ሥራ አለኝ ብዬ ቀረሁ።

በዚያው ሳምንት ከአቦምሳ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ ሻንሲው ከተቀጠለበት ቦታ ላይ ታጥፎ ተሰበረ። ጭነቱ ከነሳጥኑ ወደ ፊት ተንዶ ጋቢናውን ጨፈለቀው። ጀማል ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ።

በማግስቱ መኪናውን ለማየት ሄድኩ። የተሰበረ ብረት አዲስ ገጽ ግራጫ ነው፤ እንደ ተሰበረ ስኳር ያብለጨልጫል። የዚህኛውም አብዛኛው ክፍል እንዲያ ነበር። ከታች በኩል ግን አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ቀለም ነበረች። ቀለም ወደ ተሰበረ ብረት ውስጥ የሚገባው፣ በተቀባበት ሰዓት ብረቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ ከሆነ ብቻ ነው። ጠመኔው ያሳየን ነበር።

የትራፊክ መርማሪው ከጋራዡ የቴክኒክ አስተያየት ጠየቀ። ጀማል ከተፈቀደለት በላይ ጥቂት ጆንያ ጭኖ ስለነበር፣ ከተፈቀደው በላይ መጫኑን ጻፍኩ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር። ቀለሙን አልጻፍኩም። አደጋው በእሱ ጥፋት ደረሰ ተባለ፤ መንጃ ፈቃዱ ታገደ፤ ካሣም አላገኘም።

ጋሽ ደምሴ ከሕክምና ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸው ላይ ያለውን ፋሻ እያስተካከሉ እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ። «እኔ እግሬ አለኝ።» ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን አላነሱብኝም። እኔም አላነሳሁም።

ባለፈው ዓመት፣ ከገና በኋላ፣ አንድ ኤንትሬ በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ግቢያችን ገባ። ጋቢናው ተቃንቷል፤ የተሰበረው ሻንሲ በጠፍጣፋ ብረት ታስሯል። አረንጓዴው ቀለም ፀሐይ በልቶት ገርጥቷል። ከኋላው ከሚኒባስ የወረደው ሰው በሰው ሠራሽ እግርና በከዘራ እየሄደ ወደ እኔ መጣ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንጂነር?»

«ፈያ፤ እርስዎስ እንዴት ነዎት ጋሽ ጀማል?»

«እኔ ግማሼ ደህና ነው» አለና እግሩን በከዘራው መታ መታ አደረገው። «ይቺን ሳቢ አድርጊልኝ። ሳጥኗ ይውጣ፣ ትጠር፣ ተሳቢ ትጎትት። ተሳቢውን አግኝቻለሁ።»

«ይህ መኪና ብዙ ዘመን የቆመ ነው።»

«አዲሱን ማን ይሰጠኛል? ሞተሯ እንደሆነ ይነሳል። ሞሚና ከባድ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ከሁሩታ ስንዴ እየጫነች እዚህ ዱቄት ፋብሪካ ታራግፋለች።» ከኋላው የቆመችውን ሴት በአገጩ አመለከተኝ። ሞሚና ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ፀጥ ያለች ልጁ ናት። እኔን ትታ ፍሬኑን ጎንበስ ብላ ታይ ነበር።

«አዳማ ውስጥ ስንት ጋራዥ አለ፤ ለምን ወደ እኔ አመጡት?»

«አንቺ ታውቂያታለሽ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ በዚያን ጊዜ ልጠይቀው አልደፈርኩም።

የለውጥ ፈቃዱ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሲወጣ ሥራው ተጀመረ። የጭነት መኪናን ወደ ሳቢ መለወጥ በአንድ ነገር ከማርዘም ይለያል፤ ሻንሲው ያጥራል። የኋላው እግር፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹ ከነተሸካሚ ብረታቸው፣ ወደ ጋቢናው ይጠጋል፤ ሳጥኑ በነበረበት ቦታ ተሳቢው የሚቀመጥበትና የሚቆለፍበት ክብ የብረት ሳህን ይታሰራል። ሳህኑ ከኋላው እግር መካከለኛ መስመር በትንሹ ወደ ፊት መሆን አለበት። ወደ ኋላ ካለፈ ጭነቱ የመኪናውን ግንባር ያነሳዋል፤ መሪውም ይቀላል። ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ እና የኋላውን እግር ከአንድ ከተገለበጠ አዲስ መኪና አገኘን። የአየር ፍሬኑን በሁለት መስመር ዘረጋሁት፤ የተሳቢው ቱቦ ቢበጠስ ተሳቢው ራሱ እንዲይዝ። ብረት ከብረት በሚያያይዙት አሮጌ ሪቤቶች ፋንታ፣ ቀዳዳቸው ተሞርዶ ልክ የሆነላቸው ብሎኖች ገቡ።

የሚቆረጠውና የሚጣለው የሻንሲ ክፍል ያ የተሰበረው ነበር። በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የከበደኝ ቀን የለም። ብየዳ ክፍሉ ኦክሲጅኑን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። በነበልባሉ ብናስቆርጠው ቀለሙ በአንድ ደቂቃ ይቃጠል ነበር፤ ማንም «ለምን በእሳት ቆረጣችሁ?» አይለኝም፤ የተለመደው እንዲያ ነው። ጀማል ጥግ ላይ በርጩማ ተቀምጦ ያያል። ነበልባሉ ተለኩሷል።

«አጥፋው» አልኩት በያጁን። «በመጋዝ ይቆረጥ።»

«በመጋዝ? ኢንጂነር፣ እስከ ማታ ልንፈጭ ነው?»

«በመጋዝ» አልኩ።

ቁራጩ ሲወርድ በጨርቅ ጠርጌ ወሰድኩለት። ተቀበለኝና አገላበጠው። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ይቺ አረንጓዴ እኔ የመረጥኳት ናት» አለ። ከዚያ ጣቱን በስብራቱ ላይ አሳለፈ። «ከውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ሲቀባ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው። ሳልፈትሸው እንዲቀባ የፈቀድኩት እኔ ነኝ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«በአደጋው ማግስት።»

ቁራጩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በከዘራው ተነሣ፤ ቁራጩን በርጩማው ላይ ትቶ ሄደ። ሦስት ቀን አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ሞሚና ብቻዋን መጣች። «አባቴ አይበላም» አለችኝ። «ምን አሉት?» ነገርኳት። አጎንብሳ ሰማችኝና፣ «እኔ በዚህ መኪና ላይ ልቀመጥ ነው እኮ» አለች።

በአራተኛው ቀን ጀማል በር ላይ ቆሞ ጠራኝ።

«መጀመሪያ ለትራፊክ ጻፊ። እንደነገርሽኝ አድርገሽ።»

«ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

«ይቅር አላልኩሽም፤ እንዳትሳሳቺ። መኪናዋን ጨርሺ።»

ጻፍኩ፤ ግልባጩን ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ሰጠሁ። እሱም በጨዋ ቋንቋ ዕረፍት እንደሚያስፈልገኝ፣ ለጡረታዬም የቀሩት ዓመታት ብዙ እንዳልሆኑ አስታወሰኝ። ኤንትሬውን እንደጨረስኩ እንደምወጣ ተስማማን።

ሥራው ወደ ማለቁ ሲደርስ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጀማል ሁለት በግ ይዞ መጣና በሩ ላይ አሰራቸው። እኔ ግን ከማንም ቀድሜ ገብቼ ሻንሲውን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ ጠርጌ፣ ጠመኔ አልብሼው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ያልፋል፤ ቀቢው ብሩሹን ይዞ ይንጎራደዳል። አንድ ሠራተኛ «ቀትር እስኪሆን በጉ በእርጅና እንዳይሞት!» አለ፤ ተሳቀ።

ቀትር ሊሆን ሲል በቀኙ ብረት ላይ፣ ሳህኑ ከሚቀመጥበት ሥር፣ ከአንድ አሮጌ የሪቤት ቀዳዳ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ብቅ አለች። ጠርጌ እንደገና አለበስኳት። እንደገና ወጣች።

ጀማልን ጠራሁት። አላስረዳሁትም፤ በጣቴ ብቻ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይበየድ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ከኋላችን። «በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ነገር እኮ ነው።»

«አይበየድም» አልኩ። «ሁለቱም ብረቶች ይቀየራሉ። ተመሳሳይ ሻንሲ ዱከም፣ ያገለገለ ብረት ከሚሸጡት ዘንድ አይቻለሁ። ሳምንታት ይፈጃል።»

ሁሉም ጀማልን ተመለከተ። የስንዴው ባለቤቶች ሞሚናን ይጠብቃሉ፤ እሱም ሰው ጠርቷል። ወደ በሩ ዞሮ በጎቹን አየ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ክርስቲያኑ በግ ፋሲካን በዓይኑ ሊያይ ነው።» ከዚያም ወደ ቀቢው ዞረና፣ «አንተ ብሩሽህን አስቀምጥ፤ አልሰማሃትም?» አለው።

ጀማል የራሱን በግ ይዞ ተመለሰ፤ የክርስቲያኖቹ በግ ግን ከግቢው ጥግ ታስሮ ቆየ። አንድ ቀን የፍሬኑን ንድፍ ግማሹን በላብኝ፤ ሠራተኛው «ምሁሩ» ብሎ ሰየመው። አዲሶቹ ብረቶች ገብተው፣ ሻንሲው ጠመኔ ለብሶ እስከ ቀትር ነጭ ሆኖ የዋለው ጾሙ ሊጋመስ ሲል ነው። ቀለም ግን ከለከልኩ። የሚቀባው ጭነት ተሸክሞ ከተመለሰ በኋላ እንደሆነ፣ እስከዚያም ሻንሲው በነጭ ጋዝ እንደታጠበ ጠመኔውን ለብሶ እንደሚሄድ ተናገርኩ። ከዚያ ፈረምኩ፤ ወደ ጋቢናውም ወጣሁ።

ሁሩታ ላይ ስንዴው ተጫነ። ሞሚና መሪውን ያዘች፤ እኔ መካከል፣ ጀማል በመስኮቱ በኩል ተቀመጥን። ወደ ዴራ የሚወስደው ቁልቁለት ሲጀምር ሞሚና አስቀድማ ከባድ ማርሽ አስገባች፤ ሞተሩ አጉረመረመ። ተሳቢው ከኋላ ሲገፋን በወገቤ ይሰማኛል። አንድ ጉድጓድ ላይ ስናልፍ ከሥራችን «ቋ!» የሚል ድምፅ መጣ። እጄ ዳሽቦርዱን ያዘ። የጀማል ቀኝ እግር፣ በዚያ በኩል የሌለውን ፍሬን የሚረግጥ ይመስል፣ ወለሉን ረገጠ።

«ምንድን ነው?» አለች ሞሚና፤ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

«የሳህኑ ቁልፍ ሲቀመጥ ነው» አልኩ። እንደዚያ ነበር ያሰብኩት፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። «ፍሬኑን አትርገጪው፤ እንዳለሽ ውረጂ።»

«እንዳለሁ ነኝ።»

አንድ የከሰል አህያ የሚነዳ ሰው መንገዱን ሊያቋርጥ ሲል ሞሚና ጡሩንባ ነፋች። ፍሬኑን ነካ አድርጋ ለቀቀችው፤ አየሩ ፉጭ አለ፤ ተሳቢው ሳይዋልል ተከተለን።

ዴራ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር አስቆምኳት። ሞሚና ድንጋይ ከጎማዎቹ ሥር አደረገች። ባትሪዬንና ጨርቄን ይዤ ከሥር ገባሁ፤ በጀርባዬ እየተንፏቀቅሁ ሁለቱንም ብረቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እያንዳንዱን ብሎን አየሁ። ስወጣ ጀማል ከዘራውን ተደግፎ ይጠብቀኛል።

«ምን አየሽ?»

አፌ ላይ የጋሽ ደምሴ ቃል ነበር። አልተናገርኩትም። በእኔ ቃል አንድ ጊዜ ተሳፍሯል።

«እርስዎ ይዩት» አልኩና ባትሪውን ሰጠሁት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሱሪውን እግር ሰበሰበ፤ ሰው ሠራሽ እግሩን ፈትቶ ጎማው አጠገብ አስቀመጠውና በክንዱ እየሳበ ከሥር ገባ። ሞሚና ልትረዳው ስትል በእጁ መለሳት። የባትሪው ብርሃን ቀስ እያለ ከጋቢናው ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ወደ ኋላው እግር ሲሄድ ይታየናል። በቀኙ ብረት ላይ፣ ያቺ መስመር ወጥታበት በነበረው ቦታ አንጻር፣ ብርሃኑ ቆመ፤ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ሞሚና ክንዴን እንደያዘችኝ ያወቅሁት ሲያመኝ ነው።

«ነጭ ነው» አለ ከሥር።

ከዚያ ፊቱ በጠመኔ ተለውሶ ብቅ አለና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እግሬን አቀብይኝ።»

አቀበልኩት።